ከየትኛው ጭፈራ እንጀምር?

ባለፈው መንፈቅ ውዝዋዜ ለመማር ወደ አንድ የባህል ቡድን ሄጄ ነበር። አሠልጣኙ ገና ስገባ «የየትኛውን አገር ጭፈራ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ጀማሪ ሰው በምን መመዘኛ ነው የሚመርጠው? ጥያቄው የእግርና የትከሻ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ነው እላለሁ።

ጓደኞቼ ሦስት ዓይነት ምክር ሰጡኝ።

አንደኛው «የራስሽን ተማሪ» አለኝ። የራሴ የቱ ነው? አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ እናቴ የጉራጌ ልጅ ናት፣ እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ትከሻዬ ለአባቴ፣ እግሬ ለእናቴ ይሁን እንዴ? ደግሞም ጭፈራ በደም አይወረስም። የገጠር ልጅ እስክስታ የሚያውቀው ሰርግ በመጣ ቁጥር ስላየ፣ ስለሞከረና ስለተሳቀበት ነው።

ሁለተኛዋ «ጭብጨባ የሚያመጣውን ያዢ» አለች። ይህንን አልንቀውም፤ ተወዛዋዥም እንጀራ ይበላል። ነገር ግን ጭብጨባ የሚነግረን ተመልካቹ ምን እንደወደደ ነው እንጂ እኛ ምን እንዳወቅን አይደለም።

ሦስተኛው «ምን አስጨነቀሽ? ሁሉንም ተማሪ!» አለኝ። የሚያጓጓው ይኸኛው ነበር። በመድረክ እንደምናየው አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ከጎንደር ተነሥቶ ወላይታ ይደርሳል፤ ልብስ የሚለወጠው ከመጋረጃ ጀርባ በጥድፊያ ነው። አገርን በአንድ መድረክ ማሳየት መልካም ሐሳብ ነው። ሰውነት ግን እንደ ልብስ ቶሎ አይለወጥም። እስክስታ ትከሻን፣ ደረትንና አንገትን ይጠይቃል። የጉራጌው ፈጣን እግር ይፈልጋል፤ የወላይታው ወገብን። የትግራዩ በከበሮ ምት ክብ ሠርቶ በርጋታ መዞርን ያስተምራል፤ ትከሻው የሚነሣው በኋላ ምቱ ሲፈጥን ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ከየቋንቋው «እንደምን አደራችሁ» የምትለዋን ብቻ እንደሚያውቅ መንገደኛ ነው። ሰላምታ ይሰጣል፤ ጨዋታው ሲቀጥል ግን ዝም ይላል።

እኔም ሁሉንም ጀመርኩ። ከሦስት ወር በኋላ በአባቴ ወገን ሰርግ ነበረና እስክስታዬን ለማሳየት ብድግ አልኩ። ሰውም አጨበጨበልኝ። ስቀመጥ ግን የአባቴ አክስት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ። ለመሆኑ ማንን ነበር የምታይው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። እንደተማርኩት ከሰው ራስ በላይ አሻግሬ አይ ነበር። ለካስ ፊት ለፊቴ አንዲት ልጅ ትከሻዋን እየሰበቀች ስትጠብቀኝ ኖሯል! እስክስታ እኮ በሰርግ ቤት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው የሚነጋገሩበት ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በመድረክ ግን ሁላችንም ወደ ተመልካች እንዞራለን። እኔ ንግግሩን ሳላውቅ ድምፁን ብቻ ነበር የተማርኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ መመዘኛዬ ይህ ሆነ፦ ጀማሪ መጀመር ያለበት «ተሳስተሻል» የሚለው ሰው ካለበት ጭፈራ ነው። ምክንያቱም ጭፈራው ባለቤት አለው። የአንድን ሕዝብ ልብስ ለብሰን መድረክ ስንወጣ በስሙ እየተናገርን ነው። የሚያርመን ሰው በሌለበት የእኛ ስሕተት በተመልካች ዓይን የእነርሱ መልክ ሆኖ ይቀራል። አራሚው ደግሞ የግድ ዘመድ መሆን የለበትም። የመኝታ ክፍል ጓደኛችሁ ከትግራይ ወይም ከአርሲ መጥታ ከሆነ፣ መምህራችሁ አጠገባችሁ ናት ማለት ነው።

«ታዲያ እያንዳንዳችን በየመንደራችን ተቆልፈን እንቅር?» የሚል ይኖራል። አይደለም። መመዘኛው የሚለው ከየት እንደምንጀምር እንጂ የት እንደምንቆም አይደለም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቋቋም፣ ቀድሞ አብረው የማይሰሙ የልዩ ልዩ አካባቢ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አሰምቷል። ይህ የሆነው ግን ክራር የሚመታው በክራር፣ ማሲንቆ የሚመታው በማሲንቆ የበሰለ ስለነበረ ነው። አንዱን በወጉ ያወቀ ሰው ወደ ሁለተኛው ሲሄድ ቢያንስ ምን ያህል እንደማያውቅ ያውቃል። ያ አለማወቅን ማወቅ አክብሮት ነው።

በማግሥቱ ለአሠልጣኙ «ለጊዜው እስክስታ ብቻ» አልኩት። «ምነው? ሁሉንም አላልሽም ነበር?» ሲለኝ «አክስቴ ገና አርመው አልጨረሱኝም» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የተለየ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔም መታረም እወዳለሁ።