መትከልና መጠበቅ

አንድ ሰው የጥንት ዛፍ ቈርጦ በምትኩ ዐሥር ችግኝ ቢተክል ዕዳውን ከፈለ ይባላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኅሊና ጥያቄ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በመላ ሀገራችን ችግኝ መተከሉ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም አባታችን አዳም በገነት ሳለ የተሰጠው ሥራ ሁለት እንደ ነበረ እናስተውል፤ አንዱ ማልማት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። የሚያለማ ሰው የእጁን ሥራ አይቶ ደስ ይለዋል፤ የሚጠብቅ ግን እርሱ ያልተከለውን፥ እርሱም ለማያየው ትውልድ ያቈያል። ስለዚህ መጠበቅ ትሕትናን ይጠይቃል።

ለዚህ ነገር የካፋ ምድር ምስክር ናት። በቦንጋ ዙሪያ ያለውን የተፈጥሮ ደን የተከለው ሰው የለም። ቡናው በዛፎች ጥላ ሥር ያለ ዘሪ ይበቅላል፤ ኮረሪማውም እንዲሁ ነው። ጉሬዛው ወደ ምድር እምብዛም ሳይወርድ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሻገረ ይኖራል። ወፉም የዋንዛውንና የዝግባውን ፍሬ በልቶ ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥላል፤ የደኑ አትክልተኛ እርሱ ነው።

ተካይ ባይኖረውም ጠባቂ ግን አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ባለበት አሳታፊ የደን አስተዳደር በቦንጋ አካባቢ ሲጀመር፥ የየመንደሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፥ የደናቸውን ወሰን ለይተው፥ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ከመንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ፤ ማሩንና ቡናውን ሊጠቀሙ፥ ደኑን ግን ከጥፋት ሊጠብቁ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ካፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገባት። የዚህ ስፍራ አከፋፈል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በመቅደስ፥ በቅድስትና በቅኔ ማሕሌት እንደምትከፈል፥ ያም ሦስት ክፍል አለው፤ ውስጠኛው የማይነካ፥ መካከለኛው በመጠን የሚጠቀሙበት፥ ውጭኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ሕዝብ በዛ ተብሎ መቅደስ ለሁሉ እንደማይከፈት፥ ችግር ጸና ተብሎም የደኑ ውስጥ ለምሳር አይሰጥም።

ሌላውን ከመገሠጼ በፊት የራሴን በደል ልናገር። በአንድ ደብር ሳገለግል ለሕንፃው ማስፈጸሚያ ገንዘብ ጐደለ። በዐጸዱ የነበሩት ሁለት ታላላቅ ዝግባዎች ይሸጡ ዘንድ ጉባኤው ወሰነ፤ እኔም ፈረምሁ። በምትካቸው ባሕር ዛፍ ተከልን፤ ፈጥኖ አደገ። ነገር ግን ዝግባዎቹ ከወደቁ በኋላ ለኪዳን ስንቆም ያ የለመድነው የወፍ ድምፅ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀርበው፥ «አባታችን፥ ከእኛ ቀድመው የሚያመሰግኑትን አሰደድናቸው» አሉኝ። ስለ ዝናም፥ ስለ ወንዞች ውኃ፥ ስለ ምድር ፍሬ ስጸልይ የኖርሁ ካህን መልስ አጣሁ።

«ታዲያ ድኻው ደብር በምን ይታነጽ? ካህኑስ በምን ይኑር?» የሚል ይኖራል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ባሕር ዛፍም በቦታው ቢተከል ጥቅም እንጂ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ላገኘ ሰው ጫጩቶቹን እንዲወስድ ፈቅዶ እናቲቱን እንዲለቅ ማዘዙን እናስብ። ፍሬውን መውሰድ ተፈቀደ፤ ምንጩን ማድረቅ ተከለከለ። ማሩን ቈርጦ ዛፉን የሚተው የካፋ ገበሬ ይህን ሕግ በሥራ ይፈጽመዋል።

በጎንደርና በጎጃም በብዙ ስፍራ የሀገር በቀል ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብቻ ነው። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል፤ ከብት ቡቃያውን እንዳይበላውና እንዳይረግጠውም ካህናትና ምእመናን በልዩ ልዩ አጥቢያ የድንጋይ ካብ ክበዋል። በዚያ ደኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጠጋ፤ በካፋ ግን ገና ተራራውን ለብሶ ይኖራል። ወደዚያ ጭንቅ እስክንደርስ ልንቈይ አይገባንም። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናትና፥ ከተማ በሰፋ ቍጥር በየአጥቢያውና በየቤቱ ግቢ ያለው ዛፍ ለአዕዋፍ ብቸኛ ማደሪያ ይሆናል። እንግዲህ የቆመውን አንቍረጥ፤ ቦታ ያለን ዋንዛና ወይራ፥ ዝግባም እንትከል፤ በአጥር ጥግ ያለውንም ቍጥቋጦ ለወፎች ጎጆ እንተውላቸው።

ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ዐሥሩ ችግኝ ለአንዱ ዛፍ ዕዳ አይከፍልም፤ በውስጡ ያለፈውን ዘመንና ከእርሱ የተሰደዱትን ፍጥረታት መመለስ አይቻለንምና። ለእንደ እኔ ያለው በዳይ ግን የንስሓ መጀመሪያ ይሆነዋል። ንስሓውም የሚፈጸመው የተከለውን ሲጠብቅ፥ ያልተከለውንም ሲምር ነው። ለዚህ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን። አሜን።