ዋናው ሥራ የትኛው ነው?

የኅትመት ጥበብ፣ በተለይም በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተጫረን ሥዕል ቀለም ቀብቶ በወረቀት የማተም ሙያ፣ «ዋናው ሥራ የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እጅግ ያከብደዋል። ሆላንዳዊው ሬምብራንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1653 ስቅለትን የሚያሳየውን «ሦስቱ መስቀሎች» ካዘጋጀ በኋላ፣ በአራተኛው ደረጃ (ደረጃ የሚባለው ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር የሚገኘው የኅትመት መልክ ነው) ብዙዎቹን ሰዎች ፍቆ ትዕይንቱን በጨለማ ዋጠው። ሰሌዳው ዋናው፣ ወረቀቶቹ ጥላዎቹ ናቸው የሚለው ፕላቶናዊ መልስ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ዋና የተባለው ራሱ ተለውጧልና። ሁለቱን መልኮች ጎን ለጎን የሚሰቅል ሙዚየም፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከፈላስፋው የተሻለ ይመልሳል፤ የኋለኛው የፊተኛው እርማት አይደለም፤ በሉቃስ ወንጌል የስቅለት ታሪክም ጨለማውና የመቶ አለቃው ምስክርነት አንዱ ሌላውን ሳይሽር አብረው ተጽፈዋልና።