የጠራው መስመር ማን ላይ ይረፍ?

የአዲስ አበባዋን ቃሊቲ ከፎቅ ላይ ቁልቁል አይቶ በቲልት-ሺፍት፣ ማለትም በሚያዘነብል ሌንስ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሰፈሩን መጫወቻ ያስመስለዋል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የመጡት ባለ ተሳቢ መኪኖች በሁለት ጣት የሚነሱ፣ ባጃጆቹ በክር የሚጎተቱ፣ የመጋዘኖቹ ቆርቆሮ ከካርቶን የተቆረጠ ይመስላል። ያየው ሁሉ ፈገግ ይላል። እኔን ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል፤ ያ ሁሉ ብረት እንዴት ቀለለ?

ያቀለለው ብዥታው ነው። ካሜራ አንድን ዕቃ በጣም ተጠግቶ ሲያነሳ የሚጠራው ስስ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። ከሩቅ ሲያነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይጠራል። ዓይናችን ይህን ሳናውቀው ለምዶታል። ስለዚህ መንገዱ መሃል ላይ ጠርቶ ላይና ታቹ ሲደበዝዝ ቅርብ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ በቅርብ ሆኖ ይህን ያህል ካነሰ ደግሞ በእርግጥም ትንሽ መሆን አለበት። ትንሽነቱ የመጣው ከቅርበት ነው ማለት ነው። ፎቶው ቃሊቲን ወደ እጃችን ያመጣታል እንጂ አያርቃትም፤ ይህን መርሳት አይገባም።

ይህን ብዥታ የሚፈጥረው ሌንስን የማዘንበል ጥበብ መጀመሪያ የተፈለገው ግን ለተቃራኒው ነበር። ኦስትሪያዊው መኮንን ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ በ1904 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራውን መርህ በፓተንት ሲያስመዘግብ ሐሳቡ ከአየር የተነሱ ፎቶዎችን አቃንቶ ለካርታ ማዋል ነበር። ሌንሱ በአንድ በኩል ሲያዘነብል ሰፊ መሬት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠራል፤ በሌላው ሲያዘነብል ጥራቱ ወደ አንዲት ቀጭን መስመር ይሰበሰባል። ጣሊያናዊው ኦሊቮ ባርቢዬሪ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሄሊኮፕተር እየዞረ ትልልቅ ከተሞችን ያነሳው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ዛሬ ብዥታውን የስልክ አፕም ይቀባዋል።

አቃቂ ቃሊቲ ላይ ግን ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሰው ሳይገባባቸው በፊት ፕላን ነበሩ፤ ፎቶው ወደዚያው ይመልሳቸዋል። በፕላን ላይ ሰው የሚሣለው የሕንፃው ቁመት እንዲታወቅ ብቻ ነው። ፕላኑ ያላሰበው ነገር ሁሉ ግን አሁን በብሎኮቹ መካከል አለ፦ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ፀሐይ የሚሞቅ በርበሬ፣ በየበረንዳው የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን። ብዥታው እነዚህን ከዋጠ ፎቶው ውሸት ነው እላለሁ። መስመሩ ጀሪካኖቹ ላይ ካረፈ ደግሞ ያ ትንሽነት ዓይንን ይይዛል፤ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፣ ውሃ የጠፋበትን ፎቅ ከሌላው ይለያል።

ስለዚህ የፎቶ አንሺው ፍርድ ያለው መስመሩን በሚጥልበት ቦታ ነው። ሰፊው የደብረ ዘይት መንገድ ያምራልና እዚያ ላይ መጣል ይቀላል። እኔ ብሆን ጭነቱ አናት ላይ ወጥቶ፣ ገመዱን በጉልበቱ ረግጦ ሸራ የሚፈታውን ረዳት እመርጣለሁ። ፊቱ አይታይም፤ የጎበጠ ጀርባውና የተወጠረው ገመድ ግን ይታያሉ፣ የጭነቱ ክብደትም ተመልሶ የሚመጣው በእነሱ ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር ከኋላው ቢደበዝዝ ግድ የለም፤ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በደንብ ተነስቷል።