ሁለት ፊደል በፓራፋንጎ ላይ

እጅ ላይ ሲይዙት ያን ያህል ነገር አይደለም። ከዚንክ ቅልቅል ተፈስሶ የተሠራ፣ ላዩ ኒኬልና ክሮም የተለበጠ፣ ከመዳፍ የማይተርፍ ሁለት ፊደል ነው፦ ኤስ ኤስ። ከጀርባው ትንንሽ ዘንጎች አሉት፤ በፓራፋንጎው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ገብተው ከውስጥ በዳዶ ይጠብቃሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዝናብና የክረምት የመንገድ ጨው ሲፈራረቁበት ከክሮሙ ሥር ያለው ዚንክ ያብጣል፣ ፊቱም ይበሳሳል። ያኔ ባለቤቱ አንድም እንደገና ያስለብጠዋል፣ አንድም ከመለዋወጫ ሻጭ አዲስ ተመሳሳዩን በጥቂት አሥር ዶላሮች ያዝዛል። ይህ ርካሽ ዕቃ ግን ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ በሆነ ሁለት የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬሎች መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ልዩነት ያስጠራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱን ራሱ አርማው ይፈጥረዋል ወይስ ያለውን ልዩነት ይናገራል? የባለቤቶቹ ሙግት ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

ማስል ካር የሚባለውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። አሜሪካኖች በ1960ዎቹ መካከል መጠኑ መካከለኛ የሆነ ተራ የቤተሰብ መኪና ወስደው ለትልቅ መኪና የተሠራ ቪ8 ሞተር ጫኑበት። ዋጋው ወጣት ሠራተኛ የሚደፍረው፣ ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ መኪና ወጣ። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ያጠራቀመውን ደመወዝ ይዞ በቀጥታ ወደ ሻጩ የሚሄድበት ዘመን ነበር። ችግሩ፣ መኪናው ከውጭ ሲታይ አክስቱ ለገበያ ከምትነዳው ብዙም አለመለየቱ ነው። በኮፈኑ ሥር ያለውን የሚያስታውቅ ነገር አስፈለገ።

ፖንቲያክ በ1964 ያደረገው የታወቀ ነው። የፖንቲያክ ባለቤት የነበረው ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያኩ መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ክልከላውን የሚያልፉበት ቀዳዳ አገኙ፤ 389ኙን ሞተር እንደ አዲስ ሞዴል ሳይሆን ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪናቸው ላይ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚታዘዝ ጥቅል አድርገው አቀረቡት። ክፍያው ሦስት መቶ ዶላር አይሞላም ነበር። ስሙን፣ ጂቲኦን፣ ከፌራሪ የውድድር መኪና ወሰዱት። በፌራሪው ላይ እነዚያ ፊደሎች መኪናው የውድድር መመዘኛ አሟልቶ መጽደቁን ይናገሩ ነበር፤ በፖንቲያኩ ላይ ማንም ምንም አላጸደቀም። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጡ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ ይህንን ግን መሐንዲሶችና ሻጮች አወጡት፣ ያውም ከሰው ተውሰው።

የኦልድስሞቢሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ኩባንያው በዚያው ዓመት 4-4-2 የሚል አርማ አወጣ። ቁጥሮቹ ለማማር የተደረደሩ አልነበሩም፦ ባለአራት አፍ ካርቡሬተር፣ ባለአራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ፣ ሁለት የጭስ ማውጫ። ንጹሕ ቃል ነበር። የተጠራጠረ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሥር አጎንብሶ፣ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል። በዓመቱ ግን ሞተሩ ወደ 400 ኪዩቢክ ኢንች አደገ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮም ማዘዝ ተቻለ። እንግዲህ አራት ማርሽ የሌለው 4-4-2 መንገድ ላይ ሊወጣ ነው። ኩባንያው አርማውን አልነካም፤ ፍቺውን ለወጠው። የመጀመሪያው አራት ባለ400ውን ሞተር፣ ሁለተኛው አራት ካርቡሬተሩን፣ ሁለቱ ያንኑ የጭስ ማውጫ እንዲያመለክት ተደረገ። ብረቱ እዚያው፣ ቃሉ ሌላ።

ወደ ኤስ ኤስ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው። ኤስ ኤስ፣ ማለትም ሱፐር ስፖርት፣ በ1961 በሼቭሮሌት ኢምፓላ ላይ ሲወጣ ቁም ነገር ያለው ጥቅል ነበር፤ ትልልቅ ቪ8 ሞተሮች፣ የጠነከረ ሞላ፣ የተሻለ ፍሬን። የተሠሩትም 453 ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ኢምፓላ ኤስ ኤስን ከባለስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ጋር ሳይቀር ማዘዝ ተቻለ። የፊት ወንበሮቹ የተለያዩ፣ ጌጡ የበዛ፣ ዳገት ላይ ግን ከሌላው ኢምፓላ የማይቀድም ሱፐር ስፖርት ማለት ነው። በ1970 ደግሞ የሼቬሉ ሞተር ጥቂት ሰፍቶ 402 ኪዩቢክ ኢንች ሆኖ ሳለ፣ በፓራፋንጎው ላይ የሚነበበው 396 ነበር። ገዢው የለመደው ስም ስለሆነ አልነኩትም። ያው 402 ኤስ ኤስ ባልሆነ ሼቬል ውስጥ ሲገባ 400 ተብሎ ይሸጥ ነበር። አንድ ልክ፣ ሦስት ቁጥር፤ እውነተኛው ብቻ የትም አልተለጠፈም።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ፋብሪካዎቹን ለመክሰስ አይደለም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አርማውን የሠሩት ሰዎች እንደ መሸጫ ጌጥ ይዘውት ነበር፤ እንደ ምስክር የያዙት ባለቤቶቹ ናቸው። ሻጩ እንደ ዋዛ የተናገረውን ቃል ገዢው ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደ መሐላ ጠበቀው። ዛሬ አንድ ኤስ ኤስ ሲሸጥ የሚጠየቀውን ጥያቄ ያህል፣ አዲስ ሆኖ ከሻጭ ሲወጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ከ1966 እስከ 1968 የተሠራ ሼቬል ከሆነ ሥራው ቀና ነው፤ ኤስ ኤስ የራሱ ሞዴል ስለነበር የሻንሲ ቁጥሩ በ138 ይጀምራል፣ ሌላው አይጀምርም። ከ1969 ጀምሮ ግን ኤስ ኤስ ተጨማሪ ጥቅል ሆነ። ስለዚህ የ1970 ኤስ ኤስና ማሊቡ የሚባለው የ1970 ተራ ሼቬል በሻንሲ ቁጥራቸው አይለዩም፤ በእኛ ሊብሬ ላይ ቢገለበጥ አንድ ዓይነት መኪና ናቸው። ሼቭሮሌት በአሜሪካ የሠራቸውን የእያንዳንዱን መኪና መዝገብ ጠብቆ አላቆየም። ፖንቲያክ የገዛ ሰው ዛሬም የመኪናውን የፋብሪካ ወረቀት ቅጂ ማግኘት ይችላል፤ የሼቬሉ ባለቤት ግን ራሱ መፈለግ አለበት።

የሚፈልገው አንድ ወረቀት ነው። መኪናው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ሲያልፍ ሠራተኞቹ ምን ምን እንደሚገጥሙ የሚያነቡበት፣ በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ፣ በኮድ የታተመ ወረቀት። ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም ለታሪክ ብሎ አላስቀመጠውም፤ አንዳንዱ በወንበር ሞላዎች መካከል፣ አንዳንዱ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ ቀረ። ስለዚህ ስልሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ጋራዥ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ቀበቶ ፈተው፣ በዝግታ ዝቅ ያደርጉታል። ከላዩ አቧራ፣ ዝገት፣ አንዳንዴም አይጥ የቆራረጠችው ቡናማ ወረቀት ይገኛል። ኮዱ ከተነበበ ወረቀቱ በመስታወት ተከትቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ካልተነበበ መኪናው ትናንት የነበረው ነው፤ ድምፁም፣ ፍጥነቱም፣ አርማውም አልተለወጠም። ባለቤቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርግጠኝነት መናገር ያቅተዋል።

የአርማው ቀዳዳስ አይመሰክርም ወይ? አይመሰክርም። ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ከሌላ መኪና ተፈትቶ ይመጣል። የፊት ፍርግርጉም፣ የኋላ ፓራውልቱም፣ ኮፈኑም እንዲሁ። ማሊቡን ኤስ ኤስ ለማስመሰል የሚያስፈልገው ሁሉ በገበያ አለ፣ ሁለቱን ፊደል ጨምሮ። በሼቬል ታሪክ ከሁሉ የተከበረው የ1970 ኤስ ኤስ 454 ነው፤ ኤል ኤስ 6 በተባለው ሞተሩ ፋብሪካው 450 የፈረስ ጉልበት ጽፎለታል። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ሲቀልዱ፣ ፋብሪካው ከሠራቸው ኤል ኤስ 6ዎች ይልቅ ዛሬ በሕይወት ያሉት ይበልጣሉ ይላሉ።

እንዲህ ያለውን መኪና አንዳንዱ ቅጂ፣ አንዳንዱ ለስለስ አድርጎ መታሰቢያ ይለዋል። በእኔ በኩል ሠሪውን አልኮንንም። ጎረቤቱ የነበረውን፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ አጥር ተደግፎ ሲመኘው የኖረውን መኪና በአቅሙ የሠራ ሰው ምን በደለ? ሞተሩ እውነተኛ 454 ከሆነ፣ ጎማ ሲያጨስ ጭሱም እውነተኛ ነው። በደሉ የሚመጣው ሲሸጥ ዝም ያለ እንደሆነ ነው፤ ከዚያም ቀጣዩ ገዢ ሳያውቅ፣ የሱም ቀጣይ ሳይጠይቅ፣ ዝምታው በሦስተኛው እጅ ላይ እውነት ሆኖ ሲገኝ። አርማው ራሱ አይዋሽም፤ ብረት ነው። ሰው ግን በሱ ተከልሎ ዝም ማለት ይችላል።

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች በበጋ ቅዳሜ ማታ እነዚህ መኪኖች በአንድ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ኮፈኖች ይከፈታሉ፣ ተጣጣፊ ወንበሮች ይዘረጋሉ። እዚያ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም አይደለም፤ «የ454ቱ ሰውዬ»፣ «ያ ቀዩ ጂቲኦ» ነው የሚባለው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ «ቪ ኤይት መጣ» ሲባል የመኪናውን ሙሉ ስም የሚጠይቅ የለም፤ በጎኑ ላይ የተለጠፈው አርማ ለመኪናውም ለተሳፋሪውም በቂ ሆኗል። ልዩነቱ፣ የእኛ ቪ ኤይት የሚናገረው አሁን ያለ ሥልጣንን ነው። የእነዚያ ሽማግሌዎች አርማ የሚናገረው ያለፈ ጉልበትን ነው፤ የመኪናውንም፣ የራሳቸውንም።

ጉልበቱ ቶሎ ነበር ያለፈው። የወጣቶች የመድን ዋጋ ናረ፤ የጭስ ደንብ መጣ፤ በ1971 የሞተሮቹ የመጭመቅ ኃይል ተቀነሰ። ኤስ ኤስ ግን አልጠፋም፣ ይህ ነው የሚያሳዝነው። በ1972 ሼቬል ላይ ከማንኛውም ቪ8 ጋር ይታዘዝ ነበር፣ 130 የፈረስ ጉልበት ከተጻፈለት ከትንሹ 307 ጀምሮ። ጂቲኦም በ1974 በቬንቹራ በተባለች ትንሽ መኪና ላይ ተለጥፎ ሞተ። ብዙ ባለቤቶች ስለነዚህ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። እኔ ግን የ307ቱን ኤስ ኤስ ባለቤት አከብራለሁ፤ አርማው ከፋብሪካ የመጣ መሆኑን በወረቀት ያሳያል፣ እንደማይሮጥም ራሱ ይነግርሃል።

አርማውን ፈትተው፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው የሚነዱም አሉ። የሚያምነው ይመን፣ የማያምነው መብራት ላይ ይፈትነኝ ባዮች ናቸው። ትዕቢታቸው ከሁሉ የረቀቀ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ጥሩ ምሳሌ አላቸው። ሼቭሮሌት በ1967 ከአምስት ሊትር በታች ለተወሰነው የትራንስ አም ውድድር ካማሮን ለማብቃት ባለ302 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ሠራ፤ ጥቅሉም በማዘዣ ኮዱ ዜድ 28 ተባለ። በዚያ ዓመት የተሠሩት 602 ናቸው። ኮፈናቸው ላይ ሁለት ሰፋፊ መስመሮች ተቀብተዋል፣ ስማቸው ግን በብረት አልተጻፈም፤ የዜድ 28 አርማ የመጣው በ1968 ነው። ስለዚህ በ1967 ካማሮ ፓራፋንጎ ላይ ዜድ 28 የሚል አርማ ካያችሁ፣ መኪናው እውነተኛ ቢሆን እንኳ አርማው በኋላ የተገጠመ ነው።