የጊፋታ በሬና የትምህርት ቤት ክፍያ

ልጄ፣ ትናንት ከባልሽ ጋር መጥታችሁ የነገራችሁኝን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልጅቷን መስከረም ላይ ሶዶ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ልታስገቧት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አማትሽ ዘንድ ልትቀመጥ፣ ቅዳሜ በዴሳ ልትመለስ አስባችኋል። ጎረቤቱም ዘመዱም የየራሱን ነግሯችኋል። እኔ ሳልቸኩል ልናገር ብዬ በቃል ያላለቀውን በወረቀት ጀመርኩት። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል፤ ያለቻችሁም አንዲት ልጅ ናት።

መጀመሪያ ባልሽን የከነከነውን ላንሳ። «ሃይማኖቷን ቢያስለውጧትስ?» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አልፈርድበትም። እናንተ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናችሁ። በ1920 ሚሲዮናውያኑ ወላይታ ሲገቡ ወንጌሉን የሰሙ፣ ጣሊያን እነሱን ካስወጣ በኋላም እምነቱን ብቻቸውን ያቆዩ አያቶች ዘር ናችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ልጁ እምነት ባይጨነቅ ነበር የሚገርመኝ።

ነገር ግን አስቡት። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ታዲያ ይህን ያህል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ወንበር ማን ሞላው? አብዛኛው የኦርቶዶክሱ፣ የጴንጤውና የሙስሊሙ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍም ሆነ ናዝሬት ትምህርት ቤት የተማሩትን ብትጠይቂ ከየእምነቱ ታገኚያለሽ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። የሚያስተምሩት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚፈተኑትም ያንኑ የክልል ፈተና ነው።

ይህን ስል ልጅቷ ምንም አታይም ማለቴ አይደለም። በሩ ላይ መስቀል፣ ግቢው ውስጥ የማርያም ሐውልት ልታይ ትችላለች። ማታ «ይህች ማናት?» ብላ ትጠይቅሻለች። ስለዚህ ሳታፍሩ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፤ ጠዋት ጸሎት አለ ወይ? የሌላ እምነት ልጅ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ቀጥ ያለ መልስ ከሰጧችሁ እመኗቸው። እየተቆጡ ወይም እየሸፋፈኑ ከመለሱላችሁ ግን የመስቀሉ ነገር ሳይሆን የሰዎቹ ጠባይ ያሳስባችሁ።

ወላጁን ሁሉ ወደ ግል ትምህርት ቤት ያሮጠው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ሆነ፤ በ2015ም 3 ነጥብ 2። አገር ደነገጠ። የደነገጠ ገበያተኛ ግን ዕቃ አይመርጥም፣ ያገኘውን ያነሳል። እናንተ ገና አንደኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ናችሁና መመርመሪያ ጊዜ አላችሁ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። እኔን ያስፈራኝ መስቀሉ አይደለም፣ ክፍያው ነው።

ታላቁን ልጄን ታውቂዋለሽ። ከቦሎሶ በኩል ዝንጅብል እየገዛሁ የምነግድበት ዘመን ነበር፤ ገንዘቡ እጄ ላይ ሲሞቅ ስሙ የተጠራ የግል ትምህርት ቤት አስገባሁት። ስንት ዓመት መክፈል እንደምችል አላሰላሁም። ከዚያ በ2004 የዝንጅብሉ አጠውልግ በሽታ መጣ። ማሳው ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ ሥሩ ሲቆፈር የበሰበሰ ነው። የገበሬው ኪሳራ የእኔም ኪሳራ ሆነ። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነበር። የሦስት ወር ክፍያ ተከማችቶብኝ ዓመቱ ሳያልቅ አስወጣሁት፤ ዕዳውን ከፍዬ እስክጨርስም ካርዱን ያዙብኝ።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲመለስ ያጣው ትምህርት ብቻ እንዳይመስልሽ። ጓደኞቹን አጣ። በሌላ መጽሐፍ፣ በሌላ አስተማሪ፣ በተጨናነቀ ክፍል መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሳምንት ከእኔ ጋር በወጉ አልተነጋገረም። «እኔ ምን አጠፋሁ?» ያለኝ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት በእኔ ደረሰ። ከመጀመሪያው እዚሁ ቢማር ኖሮ ያን ያህል ባልተጎዳ ነበር።

ባልሽ ባጃጅ ይነዳል፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ግን ባጃጁ ይቆማል፣ ወርሃዊ ክፍያው አይቆምም። በዚያ ላይ ምዝገባ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ የሶዶ መመላለሻ አለ። ለከርሞም ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለውን ስድስት ዓመት አስሉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የወላይታ ሰው መቆጠብ አያውቅም የሚል ካለ የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን አላየም። ወንዱ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ያዋጣል፤ ሴቷ ቅቤዋን ትንሽ በትንሽ ታጠራቅማለች። መስከረም ሲደርስ ሥጋውም ቅቤውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይኸው ሰው ግን ለልጁ ምዝገባ ነሐሴ ላይ ብድር ፍለጋ ይዞራል። ምዝገባውና ጊፋታው በአንድ ሰሞን አንድ ኪስ ላይ ይወድቃሉና።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አሁን ጥር ነው። ልጅቷ ዛሬ የተመዘገበች ያህል ቁጠሩና ወርሃዊ ክፍያውን እስከ ነሐሴ በየወሩ አስቀምጡ፣ የመመላለሻውንም ጨምራችሁ። ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለጎማም አትንኩት። ነሐሴ ላይ ሳይጎድል ከተገኘ ግቡበት፣ እኔም እመርቃችኋለሁ። ከጎደለ እዚሁ በዴሳ ትማር፤ በተጠራቀመው መጽሐፍ ግዙላት፣ ማታ የሚያስጠናት ፈልጉ፣ አንቺም የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ አትቅሪ። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥርባችሁ ቢኖር አትስሙት። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ስለ ቋንቋዋም አደራ አለብኝ። በ1986ቱ ፖሊሲ ልጆቻችን በአፍ መፍቻቸው የመማር መብት አገኙ። በ1992 ወጋጎዳ የሚባል የተቀላቀለ ቋንቋ መጽሐፍ ሲመጣብን ሶዶ ላይ ሕዝብ ተነሣ፣ ሰውም ሞተ፣ መጽሐፉም ተመለሰ። ወላይትኛችን በሕይወት ዋጋ የተጠበቀ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ትምህርት ቤቱ ይስጣት። አማትሽ ግን ወላይትኛውን፣ ተረቱን፣ የጊፋታውን ዘፈን ይስጧት። ልጅቷ አያቷን በእንግሊዝኛ ስትመልስ የሚስቅና የሚኮራ ወላጅ አይቻለሁ፤ አንቺ እንደዚያ አትሁኚ።

ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ አምስት ሌሊት ከእናቷ ተለይታ መተኛት ትችል እንደሆነ ሳይሞከር አይታወቅም። መጪውን የትምህርት ዕረፍት ሳምንት ሙሉ አያቷ ዘንድ ትቆይና እያት።

ዓርብ ሶዶ ጉዳይ አለኝ። አብረን እንሂድ። ቢሮ ሳንገባ ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት ላይ በሩ ማዶ እንቁም። ሲወጡ ይስቁ እንደሆነ፣ መምህራኑ በስማቸው ይጠሯቸው እንደሆነ፣ የወደቀን ሕፃን ማን እንደሚያነሣ እንይ። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ።