ነፃ ጊዜና ጭነቱ

አንድ ኅብረተሰብ የደረሰበትን የምርት ደረጃ የሥራ ሰዓቱ ሲያመለክት፣ ከሥራ ውጪ ያለው ሰዓት ደግሞ ኅሊናውን ይገልጣል። ሰው ታዞ የሚሠራው ሁሉ የራሱ ምርጫ አይደለምና በዚያ ብቻ ሊመዘን አይችልም። ማንም ሳያዘው በቅዳሜና በእሑድ የሚያደርገው ግን ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያከብርና ለማን እንደሚያስብ ይመሰክርበታል። ስለዚህ ነፃ ጊዜ ምንድን ነው? የማንስ ነው? ብሎ መጠየቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ማንሣት ነው። በምዕራብ አሜሪካ ምድረ በዳዎች በየሳምንቱ መጨረሻ የሚታይ አንድ ልማድ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል።

ዓርብ ማታ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሳን ዲዬጎና ከፊኒክስ ወደ ምድረ በዳው በሚወስዱት መንገዶች ረጃጅም ተሳቢዎችን የሚጎትቱ ትላልቅ ፒክአፖች ይሰለፋሉ። ተሳቢው ከፊት በኩል መኖሪያ ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው። ከኋላ በኩል ደግሞ ጋራዥ ነው። የኋለኛው ግድግዳ ወደ መሬት ሲዘረጋ መወጣጫ ይሆንና በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚጋልቡ ሞተር ብስክሌቶች፣ ባለ አራት ጎማ ሞተሮችና ትንንሽ መኪኖች ይወርዱበታል። ንጹሑ ውኃ በአንድ ታንከር፣ እድፋሙ በሌላ ይያዛል፤ መብራቱን ጄኔሬተር ይሰጣል። በአንዳንዱ ዓይነት ተሳቢ ሞተሮቹ ከወጡ በኋላ አልጋ ከጣሪያው ይወርድና ጋራዡ መኝታ ቤት ይሆናል። አሜሪካውያን ይህን ተሳቢ «ቶይ ሀውለር» ይሉታል፤ አሻንጉሊት ጫኝ ማለት ነው። ስሙ በቀልድ የወጣ ቢመስልም እውነት አለበት፤ አምስት ቀን የሠራ ሰው በስድስተኛው ቀን እንደ ሕፃን መጫወት እንደሚሻ ይናገራልና።

ይህ ቅዳሜና እሑድ ግን በስጦታ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የአሜሪካ ሠራተኞች የሥራው ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ በቺካጎ ሄይማርኬት አደባባይ ደም ፈሰሰ፤ በተከታዩም ዓመት በክሱ ከተፈረደባቸው የሠራተኛው ንቅናቄ ሰዎች አራቱ ተሰቀሉ። በብዙ አገሮች የሚከበረው የዓለም ሠራተኞች ቀን መነሻው ይኸው ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ መደበኛውን የሥራ ሳምንት ወደ 40 ሰዓት ዝቅ አደረገው። እንግዲህ ዓርብ ማታ ተሳቢውን ከፒክአፑ ጋር የሚያያይዘው መካኒክ ወይም ግንበኛ የሚያሳልፈው ጊዜ ሌሎች በሕይወታቸው የከፈሉበት ጊዜ ነው።

ካርል ማርክስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. በታተመው የ«ካፒታል» ሦስተኛ ቅጽ፣ እውነተኛው ነፃነት የሚጀምረው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ሲያበቃ መሆኑንና የሥራው ቀን ማጠር ለዚህ መሠረታዊ ሁኔታ መሆኑን አስረድቷል። ሰዓቱ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ፒክአፑ፣ ተሳቢውና በውስጡ ያሉት ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የሚገዙት በብድር ነው፤ የተሳቢው ዕዳ ብቻ 15 ወይም 20 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። መድኑ፣ ጥገናው፣ ነዳጁና የማቆሚያው ኪራይ በዚህ ላይ ይታከላሉ። ይህን ሁሉ ለመክፈል ትርፍ ሰዓት መሥራት ሲያስፈልግ፣ ከፋብሪካው በትግል የተወሰደው ጊዜ በገበያው በኩል ተመልሶ ወደ ፋብሪካው ይገባል። ገበሬ በሰንበት በሬውን ከቀንበር ይፈታል፤ ይህ ሠራተኛ ግን በዕረፍቱ ቀን ሌላ ቀንበር በራሱ ላይ እንዳይጭን ያሰጋል።

ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ ይህንኑ ነገር ያስረዳል። በጋንቾ ከኋላ ከሚያያዘው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው በፍጥነት ሲሄድ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ከበረታም የሚጎተተው የሚጎትተውን ይመራዋል። የዕቃና የሰው ግንኙነትም ከዚህ አይለይም። ዕቃው ጥፋት የለበትም፤ ሚዛኑ ሲዛባ ግን ማን ማንን እንደሚጎትት መለየት ያዳግታል።

ይሁን እንጂ ይህን ተናግሮ በሠራተኛው ደስታ ላይ መሳለቅ ፍርድ አይሆንም። ሶሲዮሎጂስቱ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የተቸው ሥራ ፈትነቱን ለታይታ የሚያውለውን ባለጸጋ መደብ ነበር። ምድረ በዳውን በዝምታ መመልከት ብቻ ክቡር ነው፣ ሞተር ማስጮህ ግን ብልግና ነው የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ ተፈጥሮን ሳይሆን የራሱን መደብ ጣዕም ይከላከላል። በአሸዋው መካከል አባት ለልጁ ሞተር አነዳድ ያስተምራል፤ ማታ እሳት ተከቦ ምግብ ይበላል፤ የተበላሸውን ሞተር ጎረቤት ከጎረቤት ተጋግዞ ይጠግነዋል። በሥራው ቦታ የሌላውን መሣሪያ ሲያንቀሳቅስ የሚውል ሰው እዚህ በገዛ እጁ የጠገነውን መሣሪያ በገዛ ፈቃዱ ያሽከረክራል። ይህ ደስታ እውነተኛ ነው።

ታዲያ የነቀፌታው ትክክለኛ ሥፍራ የት ነው? መሬቱ ላይ ነው። ጄኔራል ፓተን እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በካሊፎርኒያና በአሪዞና ምድረ በዳ ታንከኞችን ያሠለጠነበት ጣቢያ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ፤ የታንኮቹ ዱካ ግን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም በመሬቱ ላይ ይታያል። ዝናብ በሌለበት አገር የተሰበረ አፈር ፈጥኖ አይጠገንም። የሞሀቪ ምድረ በዳ ኤሊ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ ጉድጓዱን የደረመሰ ጎማ ቤቷንም ሕይወቷንም ያጠፋል። በኮሎራዶ ወንዝ አጠገብ በብላይዝ ከተማ አቅራቢያ ደግሞ የጥንቱ ነባር ሕዝብ የጠቆረውን ጠጠር ከላይ ጠርጎ በመሬት ላይ የሣላቸው የሰውና የእንስሳ ምስሎች አሉ፤ ትልቁ የሰው ምስል ከ50 ሜትር በላይ ይረዝማል። መንገድ ለቀው በተነዱ መኪኖች ጎማ ስለተጎዱ በአጥር ተከልለዋል። ለአፍታ ደስታ የተነዳ መኪና ለዘመናት የቆየ የኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ጠባሳ ትቶ ሄዷል።

መንግሥትም ይህን ችላ አላለም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ በሕዝብ መሬት ላይ ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች የተፈቀደውና የተከለከለው ሥፍራ እንዲለይ፣ ፕሬዚዳንት ካርተርም በ1977 ዓ.ም. ጉዳት የደረሰበት ሥፍራ ወዲያውኑ እንዲዘጋ አዘዙ። ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በሚገኘው በአልጎዶነስ የአሸዋ ክምር ደግሞ የዚህ አሠራር ውጤት በዓይን ይታያል። 78 ቁጥር አውራ ጎዳና አሸዋውን ያቋርጠዋል፤ ከመንገዱ በስተሰሜን ያለው ሰፊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ለሞተር ተዘግቷል። በስተደቡብ ባለው ደግሞ በምስጋና በዓል ሰሞን ከ100,000 በላይ ሰው የተሰበሰበበት ጊዜ አለ። የእግረኛው ጸጥታና የጋላቢው ደስታ በአንድ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን የኖሩት ማንኛቸውም ሁሉን ስላልወሰዱ ነው።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ነፃ ጊዜ የግል ነው፤ ነፃ ጊዜ የሚያልፍበት መሬት ግን የጋራ ነው። ሰው በሰዓቱ ላይ ጌታ መሆኑ በነገው ሰው ድርሻ ላይ ጌታ አያደርገውም። ስምንት ሰዓት የጠየቁት ሠራተኞች ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ገና ላልተወለዱት ጭምር ታግለዋል፤ የእነርሱ ወራሽ የሆነ ሰውም ምድረ በዳውን ለቆ ሲሄድ ስለሚከተለው ሰው ማሰብ ይገባዋል። ሕግና አጥር የሚከለክለውን ያመለክታሉ፤ መከልከሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ግን የመምህሩና የከያኒው ድርሻ ነው። የሥራን ክብር የዘመሩ፣ የጻፉና የሣሉ ብዙ ናቸው። ዕረፍት እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚያስደስት የሚያሳይ ሥራ ግን ገና ብዙ ይፈለጋል።