ወደ መፈተኛው አዳራሽ ብቻችሁን ግቡ

ልጆቼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ቅጥር ላይ ነው። ማስታወቂያ አወጣለሁ፣ ማስረጃ እመዘግባለሁ፣ የፈተና ቀን አዳራሽ ውስጥ እቆማለሁ፣ ውጤት እለጥፋለሁ። የምነግራችሁም ከእናንተ ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁትን ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለአራት ክፍት የሥራ መደቦች ከሦስት መቶ በላይ ተፈታኝ መጣ። መደቡ በዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ የሚያዝ ስለነበር አብዛኞቹ አዲስ ምሩቃን ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ ስሟን ጻፈች፣ የምዝገባ ቁጥሯን ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ። አታለቅስም፣ ወደ ጎንም አታይም፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ታፈጣለች። ሰዓቱ ሲያልቅ የሰጠችኝ ወረቀት ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ኮሪደሩ ላይ ውሃ አቀብያት ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። «ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ግን አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ እኅቴ ትመጣብኛለች» አለችኝ። እኅቷ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የዩኒቨርሲቲ ወጪዋን የቻለችው፣ ከተመረቀች በኋላም አዲስ አበባ ተቀምጣ ሥራ የምትፈልግበትን የቤት ኪራይ የምትልከው እሷ ናት። በፈተናው ዋዜማ ማታ ደውላ «የነገውን ካለፍሽ እኔም አገሬ እገባለሁ» ብላታለች።

ያቺ እኅት ክፉ አልተናገረችም። የልቧን ነው የተናገረችው። ልጅቷ ግን በማግስቱ ለፈተና የተቀመጠችው ብቻዋን አልነበረም፤ የእኅቷን የአራት ዓመት ላብ ተሸክማ ነው የገባችው። እኔ ያየሁት ጭንቀት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ጥያቄው ከብዶት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጥቂት ነው። የብዙዎቹ እጅ የሚንቀጠቀጠው ከወረቀቱ ጀርባ የቆመ ሰው ስላለ ነው፤ ላሟን የሸጠች እናት፣ ከደመወዙ የተበደረ አባት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «እስካሁን ቤት ነህ?» የሚል ጎረቤት።

«ውለታ ቀላል ነገር ነው፣ እርሱት» አልላችሁም። ያሏችሁ ሰዎች እነሱ ናቸው፣ አክብሯቸው። ግን የውለታው መመለሻ ያ የሁለት ሰዓት ፈተና እንዳልሆነ አስቀድማችሁ፣ በአፋችሁ፣ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ከፈተናው አንድ ሳምንት በፊት ይሁን፤ ዋዜማው ማታ አይሁን። ከእናታችሁ ጋር ቡና ላይ ተቀመጡና ቁጥሩን አስረዷት። «እማዬ፣ የሚፈለገው አራት ሰው ነው። የተመዘገብነው ሦስት መቶ ነን። አጥንቻለሁ፣ የምችለውን እሠራለሁ። ባይሆን ደግሞ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ እመዘገባለሁ፤ እስከዚያ እንዲህ እንዲህ እያደረግኩ እቆያለሁ።» ወላጆቻችሁ ስለ ፈተና የሚያውቁት የትምህርት ቤቱን ነው፤ ያጠና ያልፋል፣ ያላጠና ይወድቃል። ውድድር ሌላ ነገር መሆኑን፣ ያጠኑ ሦስት መቶ ሰዎች ተቀምጠው ሁለት መቶ ዘጠና ስድስቱ የማይወሰዱበት ነገር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ስታስረዷቸው ይገባቸዋል። እናንተም ያንን ቃል በራሳችሁ አንደበት ስትሰሙት ትከሻችሁ ይቀላል።

ስለ ውጤት ዝርዝሩ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ ስሙን ያጣ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አልረሳም። አንድ ጊዜ አራተኛውና አምስተኛው ተወዳዳሪ የተለያዩት በግማሽ ነጥብ ነበር። አራተኛው ተቀጠረ፤ አምስተኛው ተጠባባቂ ሆነ። ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው «አለፈ»፣ ሁለተኛው «ወደቀ» ይመስላል። እኔ ግን የሁለቱንም ወረቀት አርሜያለሁ፤ በችሎታ የሚለያቸው ነገር አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከተቀጠሩት አንዱ ሌላ ቦታ አግኝቶ ሲለቅ ተጠባባቂውን ፈለግነው። ስልኩ አይሠራም። ተስፋ ቆርጦ ሲም ካርዱን ቀይሮ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ባትመረጡም ስልካችሁን አትቀይሩ፤ ተጠባባቂ መሆን አለመሆናችሁንም ሄዳችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ጥናት ላይ ብዙ መከራ የሚመጣው ደግሞ ያነበቡትን እየመላለሱ በማንበብ ነው። ሞጁሉን ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሲጠየቅ ግን አይመጣለትም፣ ያኔ ይደነግጣል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን በልጠው የተገኙት ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ቀኑን ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። እናንተም ደብተሩን ዝጉና ለጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አስረዱት። የተደነቃቀፋችሁበት ቦታ ነው ነገ የሚጠና። ጓደኛ ከሌለ ግድግዳም ይበቃል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የምታጠኑት ሕግ በሥራ ላይ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከተተካ በኋላም የድሮውን በቃላቸው የሚወጡ ልጆች ፈትኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሸመደዱት የተሻረ አንቀጽ ነው። ሁለተኛውም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ስታገኙ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ።

አሁን ስለ ሌሊቱ። ጫት ቅሞ፣ በምርቃና እስከ ንጋት አንብቦ የሚገባ ልጅ በዓይኑ ይታወቀኛል። ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፣ ሁሉን ነገር የተረዳችሁ ያስመስላል። ሲለቅ ግን እንቅልፍ ነሥቶ፣ ስሜትን አውርዶ ነው የሚሄደው። ያ የመውረጃ ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወረቀቱ ሲታደል ነው የሚደርሰው። ቡናም ቢሆን ከቀትር በኋላ በመጠን ይሁን፤ ማታ ከተጠጣ ቡና ግማሹ ኃይል ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ አለ። ቀን ያነበባችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። ዋዜማውን ማታ የምታነቡት አሥር ገጽ፣ ከምታጡት እንቅልፍ ጋር ሲመዘን አያዋጣም። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ እኔም በዕድሜያችሁ አልሰማሁም ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት አይቼ ነው የምለው።

ጭንቀት ሲበረታ አቋራጭ የሚሸጥ ሰው ይበዛል። በቴሌግራም «ፈተናው እጃችን ላይ ነው» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘና ተማሪው ሁሉ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተቀመጠ። ጥያቄው እውነተኛ ሲሆን እንኳ መጨረሻው እንዲህ ነው። ከእናንተ ብር ተቀብሎ የሚጠፋው ግን ከዚያ ይበዛል፤ የሚወስደውም ብራችሁን ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻዎቹን የጥናት ቀናት ጭምር ነው።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። በኋላ ካነበብኩት ነገር አንዱን ያኔ አውቄው ብነግራት ብዬ እመኛለሁ። ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ፈተና ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ የሚያስጨንቃቸውን ነገር በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይ ጭንቀት የሚበዛባቸው፣ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ምክንያቱ አይከብድም። ሐሳብ አእምሮ ውስጥ ሲመላለስ ለጥያቄው የሚያስፈልገውን ቦታ ይይዛል፤ ሲጻፍ ግን የሚያርፍበት ያገኛል። ስለዚህ አዳራሹ በር ላይ ስትደርሱ፣ ከመግባታችሁ በፊት፣ ወረቀት አውጡና ጻፉ። «እኅቴ ቤሩት ናት። ካላለፍኩ ትከፋለች። ፈርቻለሁ።» አሳምራችሁ አትጻፉ፣ ለማንም አታሳዩ። አጣጥፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱና ቦርሳውን ፈታኙ ባሳያችሁ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ ግቡ።

ወረቀቱ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። «ከአምስቱ ሦስቱን መልስ» የሚለውን ሳያዩ አምስቱንም መልሰው ጊዜ ያለቀባቸውን ቤት ይቁጠራቸው። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ዝቅ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ከዚያ የምታውቁትን ጥያቄ ፈልጋችሁ ከዚያ ጀምሩ። ቁጥር አንድ ላይ የሞተ ሰው ቁጥር ሰባትን ሳያየው ይቀራል።

ስንት ጊዜ ልሞክር ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ህንድ አገር ለከፍተኛው የሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚቀመጥ የአጠቃላይ ምድብ ተወዳዳሪ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ሕጉ ራሱ ይበቃሃል ይለዋል። እኛ ዘንድ ለማስታወቂያ መመዝገብን የሚገድብ ስለሌለ፣ አራት ኪሎ ጋዜጣ እየተከራየ ሦስትና አራት ዓመት የሚያሳልፍ ልጅ አለ። ልኩን ራሳችሁ አብጁ፣ አእምሯችሁ ሳይደክም፣ ዛሬ። «ይህን ዓመት ሙሉ እወዳደራለሁ፤ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ግን ሌላ ሥራ እሠራለሁ» ማለት ይቻላል። አስጠኚነት ይሁን፣ ሱቅ ይሁን፣ ጽሕፈት ይሁን፣ እጅ ላይ የሆነ ነገር ይኑር። ትንሽም ቢሆን የራሱን ገንዘብ የያዘ ሰው አዳራሽ ሲገባ አገባቡ ይለያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ከምክር በላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ከሰው ከሸሻችሁ፣ ያ ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ሊሆን ይችላልና ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፣ ሐኪሙንም አትተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መኖር አያስፈልገኝም የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ያኔውኑ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱና ንገሩት። እናንተ ደግሞ የተነገራችሁ፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላችሁ አትመለሱ፤ አብራችሁት እደሩ፣ ጠዋት አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ፈተናው ሲያልቅ በሩ ላይ ቆማችሁ መልስ አታመሳክሩ። አንዱ «ሦስተኛው ሐ ነው» ሲል ሌላው ይገረጣል፤ ወረቀቱ ግን ተሰብስቧል፣ የሚቀየር ነገር የለም። ቦርሳችሁን አንሡ። ራቅ ብላችሁ ወደ ቤት ደውሉ፤ ገጠር ላለችውም እናት፣ ባሕር ማዶ ላለችውም እኅት። «እንዴት ነበር?» ሲሏችሁ «ጨርሻለሁ፣ አሁን ምሳ ልበላ ነው፤ አንቺስ በላሽ?» በሏት።